ጣት ይሻላል ወይስ ፊት?

በአማርኛ መዝጋትና መቈለፍ አንድ አይደሉም። ደጅ የሚዘጋው ነፋስ እንዳይገባ፣ ወይም ቤተ ሰቡ ለብቻው ይሁን ተብሎ ነው፤ የተዘጋውንም ደጅ ማንም ገፍቶ ሊከፍተው ይችላል። መቀርቀር ከውስጥ ሆኖ መወርወሪያውን መጣል ነው። መቈለፍ ደግሞ ቍልፉን ከያዘው ሰው በቀር ሌላ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበረታው መከርቸም ነው፤ የተከረቸመ ቤት ባለቤቱ ራሱ ቢመጣ እንኳ በቀላሉ አይከፈትም። እነዚህን አራት ቃላት ለይቶ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ ትምህርቱ ጥቂት እንደ ተራመደ ይቈጠራል። እኛ ግን ልዩነታቸውን በደንብ የተረዳነው በካርቱም ከተማ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የእጅ ስልክ ምክንያት ነው።

ከጣና የሚወጣው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በካርቱም ይገናኛሉ። ዴም ከከተማይቱ መካከል ወደ ደቡብ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዘመን የኖሩበት፣ በእንጀራ ቤቶቹና በቡና ቤቶቹ የታወቀ ነበር። አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ በአንድ ገበታ ላይ ይነገሩበት ነበር። ሱዳናውያን የሚፈላውን ቡና ራሱን «ጀበና» ብለው ስለሚጠሩት፣ ከእነርሱ ጋር ለመግባባት የመጀመሪያው ቃል አልቸገረንም። እኛ በዚህ ሰፈር ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርን፤ እንጀራችንም ለአገራችን ሰዎች ደብዳቤና ማመልከቻ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛም ወደ አማርኛ መመለስ ነበር።

ግቢያችን ሦስት ክፍል ያለውና በመካከሉ አንድ የኒም ዛፍ የቆመበት ነበር። በአንደኛው ክፍል እኛና ባለቤታችን፣ በሁለተኛው ታናሽ ወንድማችን ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ በሦስተኛውም ገና ትዳር ያልያዘው የእኅታችን ልጅ እንቀመጥ ነበር። በውጭው በር አጠገብ ደግሞ ሁላችን «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው የጎንደር ሴት ቡና ያፈሉ ነበር። እትዬ ወደ ካርቱም የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ ቀን በሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ፣ ማታ እንጀራ ሲጋግሩ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ሙቀቱ በረድ ሲል ሁላችን በዛፉ ሥር ተሰብስበን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ እንጫወት ነበር።

በእነዚያ ምሽቶች ከኑሮ ውድነት ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣ የነበረው የሁለት ስልኮች ነገር ነው። ታናሽ ወንድማችን ከአንድ ዓመት ቍጠባ በኋላ የገዛው ስልክ የባለቤቱን ፊት አይቶ የሚከፈት ነበር፤ የእኅታችን ልጅ የገዛው ደግሞ ጣት ሲያርፍበት ይከፈት ነበር። የእነዚህ የሁለቱ ስልኮች ሠሪዎች እነማን እንደ ሆኑ መጻፍ አያስፈልግም፤ በቤታችን የደረሰው ነገር የሠሪዎቹ ጥፋት አይደለምና። ነገር ግን አንባቢያችን ክርክሩን መከተል ይችል ዘንድ፣ በዓለም ገበያ ስለሚፎካከሩት ታላላቅ ስልኮች የታወቀውን በአጭሩ እንናገራለን። የስልኮቹን ዓመታት የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የእጅ ስልክ የሚቈለፈው በቍጥር ነበር። አራት አኃዝ ያለው የምስጢር ቍጥር 10,000 ዓይነት፣ ስድስት አኃዝ ያለውም 1,000,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ዘጠኝ ነጥቦችን በጣት እያያያዙ መስመር መሳል ተለመደ፤ ከአራት እስከ ዘጠኝ ነጥብ በማያያዝ የሚገኘው መስመር ሲቈጠር 389,112 ዓይነት ነው። በ2013 አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይፎን 5 ኤስ በተባለው ስልኩ ላይ የጣት አሻራ አንባቢ አደረገ፤ በ2014 የኮሪያው ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ 5 ተከተለው። በ2017 አፕል አይፎን ቴን በተባለው ስልክ አሻራ አንባቢውን ትቶ ፊት ማየትን አመጣ። ሳምሰንግ በበኩሉ በ2019 በጋላክሲ ኤስ 10 የአሻራውን አንባቢ ከመስተዋቱ በታች ደበቀው። ተፎካካሪ የሆኑት የሁለቱ ስልኮች ስም «ዐሥር» መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ አይፎን ቴን የተጻፈበት ምልክት የሮማውያን ዐሥር ነውና።

ጣት የሚያነበው መሣሪያ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በጣት ቆዳ ላይ ያለውን ጕብታና ስርጕድ በኤሌክትሪክ ልዩነት ያውቀዋል። ሁለተኛው በብርሃን ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ሦስተኛው፣ ይኸውም በጋላክሲ ኤስ 10 የተደረገው፣ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ጣቱ ልኮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ፊት የሚያየው የአይፎን ቴን መሣሪያ ደግሞ ኢንፍራሬድ የተባለውን፣ ዐይን የማያየውን ብርሃን ከ30,000 በሚበልጡ ነጥቦች በፊት ላይ ይረጫል፤ ከዚያም የአፍንጫን ከፍታና የዐይንን ጥልቀት ለክቶ ቀድሞ ከያዘው ልክ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ ጨለማ አያግደውም። በስልኩ ውስጥ የሚቀመጠውም ወደ ቍጥር የተለወጠ ልክ ስለ ሆነ የሰውየው ፎቶግራፍ አይደለም።

አፕል እንደሚያስታውቀው፣ የሌላ ሰው ጣት በአጋጣሚ ስልኩን ሊከፍት የሚችለው ከ50,000 አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የሌላ ሰው ፊት ሊከፍት የሚችለው ከ1,000,000 አንድ ጊዜ ነው። ሆኖም መንታ ለሆኑ፣ በመልክ ለሚመሳሰሉ ወንድማማቾችና ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጆች ይህ ስሌት እንደማይሠራ ኩባንያው ራሱ ጨምሮ ተናግሯል። አንባቢያችን ይህን የመጨረሻውን ቃል በልቡ ይያዝልን።

ወንድማችን እነዚህን ቍጥሮች በቃሉ ያውቃቸው ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን» ይለን ነበር፤ «ከሃምሳ ሺሕ አንድና ከሚሊዮን አንድ እኩል ናቸው?»

የእኅታችን ልጅ በዚህ የሚረታ አልነበረም። «አጎቴ፣ አንተ ስልክህን ፊትህ ላይ ካልደቀንኸው አይከፈትልህም፤ እኔ ከኪሴ ሳላወጣው እከፍተዋለሁ። ደግሞም ፊትህን ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ የጣቴን መስመር ግን ማን ያየዋል?»

«በነካኸው ብርጭቆ ሁሉ ላይ ትተኸው ትሄድ የለምን?» ብሎ ወንድማችን ይመልስለታል።

በዚህ ነገር እውነቱ ከወንድማችን ጋር ነበር። አይፎን 5 ኤስ በ2013 ለገበያ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለ የጀርመን ማኅበር ከመስተዋት ላይ የተነሣ አሻራ አስመስሎ ሠርቶ ስልኩን ከፍቶ አሳይቷል። በ2019ም አንዳንድ ዓይነት የመስተዋት መሸፈኛ በተለጠፈበት ጋላክሲ ኤስ 10 ላይ ያልተመዘገበ ጣት ስልኩን ሊከፍተው እንደሚችል ታወቀ፤ ሳምሰንግም ጕድለቱን አምኖ ማስተካከያ አወጣለት።

ዳሩ ግን ፊት የሚያየውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2017 በወጣው ጋላክሲ ኤስ 8 ላይ የነበረው ተራ የፊት መክፈቻ በፎቶግራፍ ሊታለል እንደሚችል ታይቷል። ጉግል በ2019 ያወጣው ፒክስል 4 ደግሞ በመጀመሪያ ባለቤቱ ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ ይከፈት ነበር። ይህን ባነበብንላቸው ማታ ባለቤታችን ሣቀችና «እንግዲያውስ እንቅልፍ የሚወድ ባል ላላት ሴት የሚገዛው ይህ ነው» አለች። ወንድማችን የእርሱ ስልክ ዐይን ተከፍቶ ካላየው እንደማይከፈት ቶሎ ብሎ አስረዳ። ሚስቱም «ምነው ቸኰልህ?» ብላ ጠየቀችው፤ በዚያ ማታ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተሣቀ።

ከቃል ክርክሩ ይልቅ ግን የዴም ኑሮ ሁለቱን ስልኮች በየቀኑ ይፈትናቸው ነበር። ሃቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል በተነሣ ቀን ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፤ የወንድማችንም ስልክ ጌታውን ለማወቅ ስለማይችል ቍጥር ይጠይቀዋል። በዚያ ቀን የእኅታችን ልጅ ደስታ ወሰን የለውም። የግንቦት ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ላብ ያረጠበው ጣት ሦስት ጊዜ ተጭኖ አንድ ጊዜ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ የሚሥቀው ወንድማችን ነው።

አንድ ማታ እትዬ ጣት የሚያነበውን ስልክ ለመሞከር ፈለጉ። የእኅታችን ልጅ አሻራቸውን ሊመዘግብ አውራ ጣታቸውን በመስተዋቱ ላይ አሳረፈ፤ ስልኩ አልተቀበለውም። ሌላውን ጣት ሞከረ፤ አልተቀበለውም። ዐሥሩንም ጣት አዳረሰ፤ ከዐሥሩ አንዱም አልተመዘገበም። እትዬ እጃቸውን ወደ መብራቱ አቅርበው ተመለከቱና «አርባ ዓመት ሳሙናና ምጣድ የበላው ጣት ነው፤ ለዚህ ለስልክህ ምን ተርፎለት ያንብበው?» አሉ። የተናገሩት በቀልድ ነበር፤ እኛ ግን መሣቅ አልቻልንም። በውሃ፣ በሳሙናና በእሳት ብዙ ዘመን የሠራ እጅ መስመሩ እየለሰለሰ እንደሚሄድና አሻራ አንባቢም እንደሚቸገርበት የታወቀ ነው።

እትዬ የራሳቸውን ርካሽ ስልክ የሚከፍቱት ነጥቦቹን በማያያዝ ነበር። የሚስሉትም መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቀላል መስመር ስለ ነበር፣ ከሕፃን እስከ ዐዋቂ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ወንድማችን «እትዬ፣ ይህ እኮ ዘጋሁት ያሰኛል እንጂ ቈለፍሁት አያሰኝም» እያለ ይነቅፋቸው ነበር። እርሳቸው ግን «ድንገት ብወድቅ ለልጄ ማን ይደውልልኛል?» ብለው ይመልሱለታል። እኛ ይህን መልስ በዚያን ጊዜ እንደ ቸልተኛነት ቈጠርነው።

ሌላም የማንረሳው ማታ አለ። የወንድማችን ታላቅ ልጅ በዚያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ መልኩም ቍርጥ አባቱን ነው። ክርክሩ ሲጋጋል የአባቱን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ፊቱን አሳየው። ስልኩ ተከፈተ። የእኅታችን ልጅ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣና «ከሚሊዮኑ አንዱ ይኸው ከቤታችን ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። ወንድማችን ጥቂት ደነገጠ፤ ቆይቶ ግን ልጁን አቀፈውና «እንግዲህ ወራሼ በምስክር ፊት ታወቀ» አለ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ የቆመው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት ነው። ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ የፋሲካው ዶሮ ታስሮ፣ ሽንኵርቱ ተልጦ ሳለ የመድፍ ድምፅ ተሰማ። በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጣን ድጋፍ ሰጪ በተባለው ኃይል መካከል ጦርነት ተጀመረ። ከጥቂት ቀን በኋላ መብራትና ውሃ ተቋረጠብን። የብር ኖት እየጠፋ ሲሄድ ብዙ ሰው ይኖር የነበረው የካርቱም ባንክ «ባንክክ» በተባለው የስልክ አገልግሎት ገንዘብ እየተላላከ ነው። ስለዚህ ስልኩ የተወሰደበት ሰው እንጀራውም አብሮ ይወሰድበት ነበር። ሦስት ሳምንት ታግሠን ቆየን፤ በመጨረሻ ግቢውን ቈልፈን፣ ቍልፉን ለሱዳናዊው ጎረቤታችን ሰጥተን፣ እትዬንም ይዘን ወጣን።

በመንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አውቶቡሱን እያስቆሙ የመንገደኛውን ስልክ ይመረምሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የእኅታችንን ልጅ ስልኩን እንዲከፍት አዘዘው። ልጁ ጥቂት ቢያመነታ፣ ታጣቂው ክንዱን ጨብጦ አውራ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ጫነው። ስልኩ ጣቱን እንጂ የጣቱን ፈቃድ አያውቅምና ወዲያው ተከፈተ። ሰውየው ሥዕሉንና መልእክቱን ሁሉ ገላልጦ ካየ በኋላ ስልኩን በኪሱ ከተተው። የእትዬን ስልክ ግን ርካሽነቱን አይቶ መለሰላቸው።

ወንድማችን በዚህ ነገር ከሁላችንም ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። እንዲህ ያሉ ስልኮች ከጠፉ በኋላ ሲበሩ፣ ቍጥራቸው እስኪነገራቸው ድረስ ጣትንም ሆነ ፊትን እንደማይቀበሉ ያውቅ ስለ ነበር፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ ስልኩን አጥፍቶ በትንሿ ልጁ የልብስ ጥቅል ውስጥ ሸሸገው። ፍተሻውን ሁሉ ካለፍን በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ አሁን ማን ረታ?» አለን። በዚያ መንገድ ላይ የሣቅነው በዚያች ቃል ብቻ ነው።

ወድ መደኒን አልፈን ገዳሪፍ ስንደርስ ንዳድ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት ተሳነው፤ በአምስተኛውም ቀን ዐረፈ። በዚያው በገዳሪፍ ቀበርነው።

ከገዳሪፍ ወደ ገላባት ስንጓዝ እትዬ ከሐዘኑና ከድካሙ የተነሣ ራሳቸውን ሳቱ። በዚያን ጊዜ የእኅታችን ልጅ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥቶ፣ ሁላችን የምናውቀውን ያን ቀላል መስመር ስሎ ከፈተውና ለልጃቸው ደወለላት። ልጃቸውም ከጎንደር ተነሥታ መተማ ዮሐንስ ላይ ጠበቀቻቸው። ዛሬ በልጃቸው ቤት በጤና ይገኛሉ።

የወንድማችንን አርባ ጎንደር ላይ ካወጣን በኋላ፣ ሚስቱ ስልኩን ከልብሱ ጥቅል አውጥታ ቻርጅ ላይ ሰካችው። መስተዋቱ ሲበራ የሁለቱ ልጆች ሥዕል ታየ። ታላቁ ልጅ ማንም ሳይነግረው ቀረበና፣ በዴም እንዳደረገው ፊቱን አሳየው። ስልኩ ግን ጠፍቶ የበራ ስለ ሆነ የልጁን ፊት አልተመለከተም፤ ስድስት አኃዝ ብቻ ጠየቀ። ያን ቍጥር የሚያውቀው ሰው በገዳሪፍ ቀርቷል።

በባንክ የነበረው ጥቂት ገንዘብ በወራሽነት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። በስልኩ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ የተነሡት ፎቶግራፍ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ፣ እናታችን ከማረፏ በፊት የዘራችንን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቈጥራ በድምፅ የላከችለት መልእክት አለ። «አንድ ቅጂ ላክልን» ብለን ብዙ ጊዜ ጠይቀነዋል፤ እርሱም «ነገ» ይለናል፤ እኛም ነገ ይደርሳል ብለን እንተወዋለን። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ ጀበና ቡና እየጠጣን፣ ያችን ነገ ሁለት ዓመት አሳደርናት። ይህን ጥፋት የምናካፍለው ሰው የለንም።

ቍጥሩን ለመገመት ተቀመጥን። የሠርጋቸውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍን፤ አይደለም አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፍን፤ አይደለም አለ። የታላቁን ልጅ የልደት ቀን፣ እናታችን ያረፈችበትንም ቀን እንዲሁ በሁለቱ አቆጣጠር ሞከርን። በሁለት የዘመን አቆጣጠር የሚኖር ሕዝብ እያንዳንዱ ቀን ሁለት ቍልፍ እንዳለው ያን ጊዜ አስተዋልን። ከዚያም የስልክ ቍጥሩን የመጨረሻ ስድስት አኃዝ፣ ቀጥሎም ከአንድ እስከ ስድስት በተራ ጻፍን። ይህ ስምንት ሆነ። ስሕተት በተደጋገመ ቍጥር ስልኩ የሚያስጠብቀው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል፤ በዚህ ዓይነቱም ስልክ ዐሥር ጊዜ የተሳሳተ ሰው የሚቀርለት ምርጫ በውስጡ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ብቻ ነው።

ወደ አንድ የስልክ ጥገና ሠራተኛ ዘንድም ወሰድነው። ወጣቱ አገላብጦ ካየው በኋላ «ስልኩን ላድንላችሁ እችላለሁ፤ በውስጡ ያለውን ግን አልችልም» አለን፤ ዋጋም አልጠየቀንም። ቃሉ እውነት መሆኑን እናውቃለን። የአሜሪካ መንግሥት የወንጀል ምርመራ ቢሮ እንኳ በ2016 አንድ የተቈለፈ አይፎን ለማስከፈት ከአፕል ጋር በፍርድ ቤት ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ስልኩ የተከፈተው በሌላ ወገን እርዳታ ነበር። የአንድ መንግሥት ኃይል ያን ያህል ከተቸገረ፣ የእኛ ቤት አቅም ምን ሊሆን ይችላል?

እንግዲህ ጣት ይሻላል ወይስ ፊት? በዴም የተጀመረውን ክርክር እንድንፈርድ ወንድማችን ደጋግሞ ጠይቆን ነበርና፣ የደረስንበትን እንናገራለን። እጁ በሥራ ላለቀ ሰው ፊት ይሻለዋል፤ ፊቱን በሥራው ወይም በልማዱ ለሚሸፍን ሰው ጣት ይሻለዋል። ጣትና ፊት ግን ሁለቱም ከሰውነት ጋር በግድ ሊያዙ ይችላሉ። ቍጥር በልብ ስለሚቀመጥ በግድ ለመውሰድ ያስቸግራል፤ አስጊ ስፍራ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ ስልኩን ማጥፋቱ እንደሚጠቅም ከወንድማችን ተምረናል። ዳሩ ግን በአንድ ልብ ብቻ የተቀመጠ ቍጥር ያ ልብ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ያን ጊዜ ስልኩ ከመቈለፍ አልፎ ይከረቸማል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አንባቢያችን ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ያድርግ እንላለን። አንደኛ፣ ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ በፖስታ አሽጎ ለሚያምነው አንድ ሰው ይስጥ፤ ወይም የቤቱ ውልና ማስረጃ ካለበት ሣጥን ያኑር። ሁለተኛ፣ ሊተኩ የማይችሉትን ሥዕልና ድምፅ ቅጂያቸውን በሌላ ሰው እጅ ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ኩባንያዎቹ ያዘጋጁትን መንገድ ይጠቀምበት፤ ጉግል ከ2013 ጀምሮ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይጠቀምበት የቀረውን ሒሳብ ለመረጠው ሰው የሚያስተላልፍበት ደንብ አለው፤ አፕልም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የመረጠው ሰው ከተሰጠው የምስጢር ቃልና ከሞት ማስረጃው ጋር አመልክቶ፣ በኩባንያው ዘንድ የተቀመጠውን ሥዕልና ጽሑፍ የሚያገኝበት ሥርዓት አለው። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካዘጋጀው ነው።

«ቍጥሩን ለምን ደበቀሽ?» ብሎ የወንድማችንን ሚስት የጠየቃት ዘመድ ነበር። እርስዋም «እርሱ አልደበቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ነገ ያለ መስሎን ነው» አለችው። እኛ ያን ማታ የራሳችንን ቍጥር ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን ለባለቤታችን ሰጠናት። እርስዋም ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገብታ የእርስዋን ጽፋ አመጣችልን።

ስልኩ ዛሬም በሣጥን ውስጥ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሚስቱ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ የልጆቹ ሥዕል ይታያል፤ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል፤ ትመልሰዋለች። የቀሩትን ሁለት ሙከራዎች ማንም እንዳይነካቸው ተስማምተን ለታላቁ ልጅ አቆይተናቸዋል። ልጁ አሁን ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ «ጋሼ፣ ሃቡብ በተነሣ ቀን አባባ ቍጥሩን ሲነካ አይቼዋለሁ፤ ጣቱ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድ ነበር» አለን። ከዚያ በላይ ትዝ አላለውም። እኛም አልወተወትነውም፤ አስቦ እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን።